ጨጓራ የሌለባት ሙሽራ

ልብስ ሰፊዋ ጨጓራዋን አሟት አያውቅም። ድንጋይ ቢሰጠው ይፈጫል የሚባል ዓይነት ሆድ ነው ያላት። ይሁንና በዚያ እሁድ ቀትር፣ በእጮኛዋ እናት ቤት፣ በረጅሙ ገበታ ዙሪያ፣ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ጨጓራ ነበር። አጎትየው ሾርባው በትኩሱ እንዲቀርብላት ያዛሉ፤ እናትየው ቅባቱ አንድ ሳይቀር መገፈፉን ይምላሉ፤ እጮኛዋ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ የሹካውን ጥርስ ይቆጥራል። እሷ ፊቷ የተቀመጠውን ሳህን እያየች ፈገግ ትላለች። ያ ፈገግታ የይስሙላ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ቀና ብሎ አላያትም።

ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ ለሚል አንባቢ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ሰፊዋ የምትሠራው የሙሽራ ቬሎ የሚሰፋበት ቤት ነው። አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ ክፍል ሲሆን፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ሳቲን፣ ነጭ ዳንቴል፣ ነጭ መረብ ተዘርግቶበታል። እዚያ ቤት የማይጣስ ሕግ አለ፤ ምግብ የሚባል ነገር በሩን አያልፍም። አንዲት ጠብታ ዘይት የወራት ልፋት ገደል ትከታለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ በተራ በተራ እየወጡ፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ቆመው ይበላሉ። ከዚያ እስከ ክርናቸው ታጥበው ይገባሉ።

ሰፊዋ እዚያ ቤት የገባችው ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ስለሆነ፣ ብቻዋን ቆማ ደረቅ ደረቁን መብላት ባሕርይዋ ሆኖ ቀረ። እንቁላሉ ለብቻው፣ የተቀቀለው ድንች ለብቻው፣ ዳቦው መጨረሻ ላይ፤ አንዱ ካንዱ አይነካካም። መረቅ ያለው ነገር አጠገቧ አይደርስም። ሰው እያያት ከሆነማ ጉሮሮዋ ጥርቅም ይላል። ታዲያ አንጀቷ ታስሮ የምትኖር ምስኪን እንዳትመስላችሁ። ያቺን መስኮት ትወዳታለች። ከቀኑ ሁሉ የራሷ የምትለው ሰዓት ቢኖር፣ ታች የሚተራመሰውን መንገድ ከላይ እያየች፣ ማንም ሳያናግራት እንቁላሏን የምትልጥበት ሰዓት ነው።

እጮኛዋ ፋርማሲስቱ ያገኛትም እዚያው ነበር። የእህቱን ቬሎ ሊወስድ ደረጃውን ሲወጣ፣ ጉንጯ በድንች ተወጥሮ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ደንግጣ የተላጠውን እንቁላል ከኋላዋ ደበቀችው። እሱም ያየውን እንዳላየ ሆኖ «ሦስተኛ ፎቅ በየት በኩል ነው?» ሲል ጠየቃት። የቆመው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለቱም ያን ቀን ማታ ለየብቻቸው ሲስቁ አመሹ፤ ፍቅራቸው የጀመረው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጡ። ሻይ ብቻ። እሱ ኬክ አዝዞ ብቻውን ይበላል፤ እሷ «ጠግቤ ነው የመጣሁት» ትላለች። ውሸቷ ሲያልቅባት አንድ ቀን እውነቱን አፍ አውጥታ ነገረችው። ይህን መናገር ምን ያህል እንደከበዳት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው የድሮ ፍቅሩን ያወራል፣ ዘመዱ ያበደበትን ያወራል፣ አለቃው የሰደበውን ያወራል። እንቁላል እንዴት እንደሚበላ ግን ለማንም መንገር አይፈልግም። የሚበላውን የተናገረ ያደገበትን ቤት አብሮ ይናገራል፤ «ይሄን አልበላም» ያለ ደግሞ የሰሚውን ሳህን የሰደበ ይመስላል። ፋርማሲስቱ ሰምቷት ሲያበቃ «ታዲያ ይሄ ምን ችግር አለው?» አላት። እሷም ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክማው የኖረችውን ነገር እንደዋዛ ስላወረደላት አልቅሳ ነበር።

ችግሩ የመጣው መጀመሪያ እናቱ ቤት የተጋበዘች ዕለት ነው። እናትየው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላቸው፣ ያላዋለዱት ጎረምሳ የለም። «ምነው ልጄ፣ አልጣመሽም?» ብለው ደጋግመው ሲጠይቋት፣ ላብ ሲያጠምቃት ያየው ልጃቸው ፈጥኖ «ጨጓራ አለባት፣ እማዬ» አለ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ልትስመው ነበር የቃጣት። ግን ያንን ቃል የተነፈሰው የት ቤት እንደሆነ ሁለቱም ዘነጉ። እናት አዋላጅ፣ አጎት የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ልጅ መድኃኒት ቤት ያለው። እዚያ ቤት ጨጓራ አለብኝ ማለት ለልብስ ሰፊ የተቀደደ ልብስ ማሳየት ነው፤ ሳይነካው አይመልሰውም። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ቅባት የሌለው ሾርባ፣ በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ከምግብ በፊትና ከምግብ በኋላ የሚዋጥ እንክብል ይቀርብላት ጀመር። በመጨረሻ ሻይ ለጨጓራ አይሆንም ተብሎ ሻዩንም ነጠቋት።

እነሆ ዛሬ ደግሞ የሰርጉ ቀን የሚቆረጥበት እሁድ ነበር።

አጎትየው አፋቸውን ጠረጉና ጉሮሯቸውን አጸዱ። ቀኑን ከመቁረጣችን በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት አሉ። ይህን ያህል ጊዜ መድኃኒት እየወሰደች ያልተሻላት ከሆነ ነገሩ ቀላል ላይሆን ይችላልና፣ በአፏ ቱቦ ገብቶ ጨጓራዋ መታየት አለበት። ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዘውላታል፤ በባዶ ሆዷ ትምጣ። ውጤቱ እስኪታወቅ ሰርጉ ይቆይ፤ መብላት ያልቻለች ሴት ነገ እንዴት ልጅ ትሸከማለች? ይህን ሁሉ የተናገሩት በክፋት አልነበረም። እንዲያውም እጇን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» አሏት።

ሰፊዋ ወደ እጮኛዋ ዞረች። አሁን ይናገራል ብላ ነበር። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ዓይኑ ውስጥ ያየችው ግን ልመና ነበር። እሱም ይቅርታ ጠይቆ ተነሣና በዓይኑ ጠርቷት ወደ ኮሪደሩ አወጣት።

«አሁን ንገራቸው» አለችው በሹክሹክታ። «አንድ ቃል ነው።»

«እንዴት ብዬ? አጎቴ ቀጠሮ ከያዘ በኋላ? ምን ይሉኛል?»

«እና ቱቦ ልዋጥ?»

አንገቱን አከከ። «ያደነዝዙሻል'ኮ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምንም የለም ይባላል፣ ከዚያ ሁላችንም እናርፋለን።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር። ፊቱን ስታየው አልቀለደም። ያ የምትወደው፣ በደረጃ ላይ ያየውን እንዳላየ የሆነላት ሰው፣ እሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሚተነፍስ እሷ አንድ ክንድ ቱቦ ብትውጥ ይሻላል ብሏል። እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም ነበር፤ ብቸኝነት ደግሞ የለመደችው ነገር ነው።

ስትመለስ አልተቀመጠችም። የወንበሩን ጀርባ ይዛ፣ ሽንጧን ገትራ ቆመች።

«ዶክተር፣ ጨጓራ የለብኝም» አለች።

አጎትየው ሳቅ አሉና እሱን መሣሪያው ይንገረን አሉ።

«ኖሮብኝም አያውቅም። ሰው ፊት መብላት አልችልም፣ ይኸው ነው። ብቻዬን ስሆን ከእርስዎ በላይ እበላለሁ።»

እናትየው ጭልፋ እንደያዙ ቀሩ። ፋርማሲስቱ ከንፈሩን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። አጎትየው ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቁ፤ የእህቴ ምግብ አልተስማማሽም ማለት ነው? አልቀመስኩትም፣ ያልቀመስኩትን እንዴት አልተስማማኝም እላለሁ አለች። እኛን ትጠየፊናለሽ? የለም። ታዲያ የሰው እጅ ነው የማይመችሽ? እሱም አይደለም። አጎትየው ጥያቄ ሲያልቅባቸው ድምፃቸው ለሰለሰ፤ ለታማሚ የሚያወጡትን ድምፅ አወጡ።

«ልጄ፣ በልጅነትሽ የደረሰብሽ ነገር አለ? ተርበሽ ታውቂያለሽ? ንገሪን፣ እኛ ቤተሰብ ነን።»

ሦስቱም ወደ እሷ ዘንበል ሲሉ አየች። ፊታቸው ላይ ሐዘኔታ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሰፊዋ የዋህ አይደለችም፤ ምን እንደሚጠበቅባት ገባት። አንዲት ትንሽ ታሪክ ብትፈጥር፣ አንዲት ዘለላ እንባ ጣል ብታደርግ፣ ሁሉም ነገር ይሰረይላታል። አቅፈዋት ያለቅሳሉ፣ ሰርጉም በቀኑ ይሆናል። ፍቅሯ የምትተርፍበት ቀዳዳ ያቺው ነበረች። ነገር ግን ወደዚህ ያመጣት አንድ ውሸት ነው፤ ሁለተኛ መጨመር አስጠላት።

«እናቴ አጥግባ ነው ያሳደገችኝ» አለች። «ማንም ምንም አላደረገኝም። ብቻዬን የምበላው ደስ ስለሚለኝ ነው። ይሄ ለምንድነው የሚከብደው? ወይ በሽታ ካላሳየኋችሁ ወይ ካላለቀስኩላችሁ ጤነኛ አልባልም?»

«እንዴ፣ ሰው'ኮ አብሮ ነው የሚበላው» አሉ አጎትየው፣ አሁን ቆጣ ብለው። «ቤተሰብ ማለት እሱ ነው።»

ምናልባት እዚህ ላይ ዝም ብትል ይሻል ነበር። እልህ ግን ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል።

«ሲስተርስ?» አለች። «እዚህ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም። ሳህን የላቸውም፣ ይኸው እዩት። ለእሳቸው ማን ቀጠሮ ያዘላቸው?»

ሁሉም ገበታውን አዩ። እውነቷን ነበር። የአጎት ሳህን አለ፣ የልጅ ሳህን አለ፣ የእሷ ያልተነካ ሳህን አለ። በእናትየው በኩል ወንበር እንኳ አልተሳበም። ሲስተር የያዙትን ጭልፋ አዩት፣ ከየት እንደመጣ ያላወቁ ይመስል። ከዚያም ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወደ ኩሽና ገቡ። የኩሽናው በር ሲዘጋ ሰፊዋ የመታችው ያልፈለገችውን ሰው መሆኑን ተረዳች። ቦርሳዋን አነሣች። እጮኛዋ እንዲነሣ፣ ቢያንስ ወንበሩ እንዲንቋቋ ጠበቀች። አልተነሣም።

መንገድ ላይ ወጥታ እስከ ማዞሪያው ድረስ እንዴት እንደተራመደች አታውቀውም። ልቧ ተሰብሯል። ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ለራሷም ያልገባት አንድ ቀለል ያለ ነገር ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ጨጓራዋን አይጠይቃትም። ይህን አስባ ደስ ሲላት በራሷ አፈረች፣ አፍራም ደስ አላት።

ሰኞ ሥራ ገባች፣ ማክሰኞም ገባች፤ ቱቦው ያለ እሷ ዋለ። መስኮቱ አጠገብ የልብስ አሻንጉሊት ላይ የራሷ ቬሎ ቆሟል። ከሥራ በኋላ እየቆየች በትርፍ ጊዜዋ የምትሰፋው ነው፤ እጅጌው ገና አልተገጠመም። በአጠገቡ ስታልፍ አታየውም። ፋርማሲስቱ ስልክ ይደውላል፣ አታነሣም። «ይቅርታ» ብሎ ጻፈላት፣ አልመለሰችም። ይቅርታው ስለ ምን እንደሆነ አልገባትማ፤ ስለዋሸ ነው፣ ስላልተነሣ ነው፣ ወይስ ሊተዋት ነው? የኋለኛውን ይሆናል ብላ ለራሷ ወስና ነበር።

ቁልፍና ዶቃ የሚተክሉት አሮጊት፣ ቤቱ ሁሉ «እትዬ ቁልፍ» የሚላቸው፣ ከእናቷ ቀጥሎ የሚቆጧት ሰው ናቸው። ነገሩን ከሰሙ ጀምሮ በመርፌያቸው ደጋግመው የሚወጉት ጣታቸውን ነው።

«በአንድ ማንኪያ ሾርባ ባል ታጪያለሽ?» አሏት። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ዋጥ አታደርጊውም? እኔ ስንት ነገር ውጬ ነው ሦስት ልጅ የወለድኩት።»

«ስንት ነገር ዋጡ፣ እትዬ?»

አሮጊቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ተይኝ እስቲ» አሉ ቆይተው፤ ሰፊዋም የሰው ቁስል የነካች ስለመሰላት ከዚያ በኋላ አልጠየቀቻቸውም።

ረቡዕ ቀትር ላይ ተራዋ ደረሰና ወደ ደረጃው ወጣች። ወረቀቷን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግታ፣ እንቁላሏን ልጣ፣ ድንቹን አጋምሳ ነበር ዳናውን የሰማችው። እሱ መሆኑን ከእርምጃው አወቀችው። እጇ በልማዱ እንቁላሉን ሊደብቅ ወደ ኋላ ሄደ። መሀል መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። አልደብቅም፣ አለች በሆዷ። ጉንጯ ሙሉ እንደሆነ ፊት ለፊት አየችው።

ፋርማሲስቱ ሁለት ደረጃ ሲቀረው ቆመ። ጺሙን አልተላጨም፤ ነጩን ጋውን እንደለበሰ ነው ከመድኃኒት ቤቱ የመጣው። ሊናገር ሲል እጇን ዘረጋችና አስቆመችው፤ አኝካ እስክትውጥ ድረስ። ሰው እያያት መዋጡ ጭንቅ ነበር፣ ግን ዋጠችው።

«አልጨረስኩም» አለች። «ዘወር በልና ጠብቅ።»

ዘወር አለ። ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። የሚያስቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ጋውን ለብሶ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ። ሆኖም ፊቷን ሳያይ መናገር ሳይቀለው አልቀረም። እሁድ ያልተነሣው ስለማይወዳት እንዳልሆነ ነገራት። ፈርቶ ነበር፤ አጎቱ «ሴት ጠፍቶ ነው ይቺን ያመጣው?» እንዳይሉት ፈርቶ። እሷን ያስጠለላት መስሎት ነበር፣ ለካ ከጨጓራዋ ሥር የተጠለለው ራሱ ነው። ይህን ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ሰፊዋን ሄዳ ጭንቅላቱን እቅፍ ማድረግ አማራት። አላደረገችውም።

«ይሄን እኔ አውቀዋለሁ» አለችው። «ለእኔ አትንገረኝ።»

ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ። ጥሪው ሲያቃጭል ደረጃው አስተጋባ።

«እማዬ» አለ፣ እናቱ እንዳነሡ። «ጨጓራ የለባትም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«እሷ ነግራናለች'ኮ» አሉ እናትየው፣ ደረቅ ባለ ድምፅ። «ያልነገርከኝ አንተ ነህ።»

«አሁን ልንገርሽ። ሰው ፊት አትበላም። ቤታችን ስትመጣ አትበላም፣ በሰርጉም ቀን፣ ሰርግ ካለ፣ አትበላም። ኬክም ማንም አያጎርሳትም። ምነው የሚላት ሰው እንዳይኖር፣ አጎቴም ቢሆን። እሱ የማይሆን ከሆነ እኔም እዚያ ገበታ ላይ አልቀመጥም።»

በሩ ወዲያ የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። እትዬ ቁልፍ ጆሯቸውን በሩ ላይ እንደለጠፉ ማንም ሳያይ ይታወቃል። ሰፊዋ በአንድ እጇ መስኮቱን ደገፍ አለች። ይህንኑ እሁድ ብላው ባዶ እጇን ከቤት ወጥታለች፤ ዛሬ እሱ ሲለው ስትሰማው የምትቆምበት ጠፋት።

«እዚያ ናት?» አሉ እናትየው።

«አዎ።»

«ስጣት።»

ፊቱን ሳያዞር ስልኩን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አቀበላት።

«ልጄ» አሉ ሲስተር። «ተቀይሜሻለሁ። በገዛ ቤቴ አሳፍረሽኛል።»

ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች። «ሲስተር፣ እርስዎን ስለነካሁ አዝናለሁ። ያልኩት ግን እውነት ስለሆነ መልሼ አልበላውም።»

«ብዪው አላልኩሽም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።» ከበስተጀርባቸው ውኃ ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ ኩሽና ናቸው። «ብቻሽን ስትበዪ፣ እውነት ደስ ይልሻል?»

«በጣም፣ ሲስተር።»

«እኔን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

እናትየው ቀስ እያሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ቀጠሉ። ካገቡ ጀምሮ የሚበሉት ኩሽና ውስጥ፣ ቆመው፣ ከድስቱ ነው። መጀመሪያ ባል ይቅደም፣ ከዚያ ልጆቹ፣ ከዚያ እንግዳ። ሲያልቅ እነሱ ገበታውን ትተው ተነሥተዋል። ማንም ነይ ተቀመጪ አላላቸውም፤ ልማዳቸው ነው ተብሎ ታለፈ። እሳቸውም ልማዴ ነው ብለው ኖሩ። «እስከ እሁድ ድረስ» አሉ። «እሁድ እዚህ ገብቼ በሩን ዘጋሁና፣ ሳህኔ የት ነው ብዬ ፈለግሁ። የእኔ የሚባል ሳህን የለም።»

እሁድ ያልወጣው እንባ አሁን መጣ። ሰፊዋ አልጠረገችውም። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ቆመው የሚበሉ፣ ሁለቱም ብቻቸውን፤ ግን አንዷ ወዳው፣ አንዷ ተረስታ። አጎትየው ቱቦ አስገብተው ሊያዩ ያማራቸው የማንን ሆድ ነበር? ንዴቷ እንደገና ሽቅብ መጣ፣ አሁን ግን ለራሷ አልነበረም።

«ሲስተር» አለች ድምፅዋን አጠንክራ። «በሰርጋችን ቀን ገበታው ራስ ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ከሁሉም በፊት የሚበሉት እርስዎ ነዎት። እኔን አትፈልጉኝ፤ የሆነ ጓዳ ፈልጌ እንቁላሌን እበላለሁ።»

«ማን ያስተናግዳል ታዲያ?»

«ልጅዎ።»

«እሱ?» አሉ እናትየው፤ ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ድምፃቸው አይለይም ነበር። «እሱ ሳህን መያዝ መች ያውቅና።»

«ይማራል።»

ፋርማሲስቱ ግን ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ሰርጋችን» ያለችውን። አላስቻለውም፤ ሳያስበው ዘወር አለ። ሰፊዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ፣ ጉንጯ በእንባ ርሶ፣ በአንድ እጇ የተገመጠ ዳቦ ይዛ ቆማለች። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቷት አያውቅም። ሊነሣ ጉልበቱን አጠፈ።

«ገና አልጨረስኩም» አለችው። «ዞር በል።»

ዞረ። እሷም እንባዋን በክንዷ ጠረገችና፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ዳቦዋን እስከ መጨረሻው በላች።